የፍፁም ቁጥር

አምባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ከባድ መኪና ላይ ነው፤ ያውም ከነተሳቢው። የአሰብን መንገድ፣ ኋላም የጅቡቲን፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራችኋል፤ የትኛው ዳገት በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ፣ የትኛው ከተማ ደህና ጎሚስታ እንዳለው። አሁን ስቶን ማውንቴን ነው የሚኖረው። ከአትላንታ ኤርፖርት አጠገብ ላለ ሆቴል ሻትል ይነዳል፤ ሻንጣ ይጭናል፣ ሻንጣ ያወርዳል፣ «ሃቭ ኤ ሴፍ ፍላይት» ይላል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሥራዋን ንቋት አያውቅም። መሪ እስከያዘ ድረስ ሾፌር ነው።

ስለ መኪና ከሚያምናቸው ነገሮች ሁሉ አንዱን የሚነካበት ሰው አይወድም። እሱም ፎሌ ነው። ፎሌ ማለት ማርሹን ነፃ አድርጎ፣ ሞተሩን ከጎማው አለያይቶ መኪናውን ለቁልቁለቱ መልቀቅ ነው። ትራፊክ ይከለክላል፤ የኩባንያው ስምሪት ክፍል ይከለክላል፤ ሾፌሩ ሁሉ ግን ያደርገዋል። ጣርማ በርን ጭነት ይዞ በፎሌ መውረድ እብደት ነው፤ አምባዬም እንደዚያ አላበደም። ለዘብ ያለ ቁልቁለት ካገኘ ግን ማርሽ ውስጥ አይቆይም። «ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚያቃጥል ሾፌር፣ ሾፌር አትበሉት» ይላል። ለረዳቶቹ ያስተማረው ይህንን ነው፤ ለልጁ ለፍፁምም ያስተማረው ይህንን ነው።

ፍፁም ዲቪ ደርሶት ከሁሉም ቀድሞ የመጣ ነው። እሱ ነው አባቱን፣ እናቱን አሰፋሽንና ታናሽ እህቱን ኑሃሚንን ያመጣቸው። ኤርፖርት ሰው ያመላልስ ነበር፤ በኋላ ላይ ነዳጁ ሲያማርረው ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ያመጣት ዕለት ሁሉንም ደጅ አስወጥቶ አሳያቸው። ሰማያዊ ናት፤ ያገለገለች፤ ወንበር የሚያሞቅ እንኳ የሌላት ርካሹ ዓይነት።

«ዋናው ነገር ሬንጇ ነው» አለ ኮፈኗን መታ መታ እያደረገ።

«የምን ሬንጅ?» አለች አሰፋሽ።

«ሬንጅ ነዋ እማዬ። አንዴ ቻርጅ ተደርጋ የምትሄደው ርቀት።»

«እኔ የማውቀው ሬንጅ በበርሜል አፍልተው መንገድ ላይ የሚያፈሱትን ጥቁሩን ነው። ታዲያ ፈልቷል?»

ኑሃሚን መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ያቺ ቃል እዚያው ቤት ቀረች። እሁድ ጠዋት ወደ ቸርች ሊሄዱ ሲሉ አሰፋሽ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች «ሬንጁ ፈልቷል?» ትላለች፤ ፍፁም ደግሞ «ፈልቷል እማዬ፣ ግቢ» ይላታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያው ቀልድ። አምባዬ ምኑ እንደማይሰለቻቸው አይገባውም ነበር። በብርዱ ወራት ሳይቀር መኪናዋ ውስጥ ሲገቡ ሞቅ ብላ ነበር የምትጠብቃቸው፤ እሱንም ከኤሌክትሪክ መኪና ጠባይ ቆጥሮት ዝም አለ።

ፍፁም መኪናዋን እንደ ትምህርት አጠናት ማለት ይቻላል። ኤርፖርት አጠገብ ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ አለ፤ እዚያ ኤሌክትሪክ የያዘው ሁሉ ከምሳ በኋላ ቻርጀር ፍለጋ ሲበታተን እሱ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ መኪናዋን «ግመሏ» አሏት። «ግመሏ ዛሬም አልጠጣችም?» ይሉታል። «ትናንት ጠጥታለች» ይላቸዋል። ጓደኛው ኢዩኤል ተመሳሳይ መኪና ይዞ ገና በቀትር ባትሪው ስለሚያልቅበት «ያንተዋ ግመል ናት፣ የኔዋ ላም ናት፤ ውኃ አጠገብ ካልቆመች አትሄድም» እያለ ይማረራል።

አባትና ልጅ በዚህች መኪና የተጣሉት አንድ ጊዜ ነው፤ ጠብ ከተባለ። የቸርቹ ሰው በበጋ ወደ ሰሜን ጆርጂያ ተራሮች ለሽርሽር ወጥቶ ሲመለስ መሪውን አምባዬ ያዘ። ረጅም ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲጀምር እጁ ወደለመደው ሄደ፤ ማርሿን ነፃው፣ ኤን ላይ አደረጋት። ስክሪኑ ጮኸ።

«አባዬ! ምን ነካህ? ዲ ላይ መልሳት!»

«ቁልቁለት ነው እኮ።»

«ለዛ ነዋ! እግርህን ብቻ አንሳ፤ ራሷ ትይዘዋለች፤ ስትይዘው ደግሞ ባትሪዋ ይሞላል። ሪጄን ነው።»

«ቁልቁለት ነዳጅ ሲቀዳ ዛሬ ሰማሁ።»

«ሲሪየስሊ አባዬ፣ አሁን እኮ በፍሬን እያቃጠልከው ነው።»

«እናንተ ሰዎች» አለች አሰፋሽ ከኋላ፣ «ገደል ሳትከቱኝ ተስማሙ።»

አምባዬ አልተስማማም። እስከ ታች ድረስ በፎሌና በፍሬን ወረደ። «አንድ ቀን ታምነኛለህ» አለው ፍፁም። «እስከዚያ ጢሜ ይሸብታል» አለው። ፍፁም ዘወር ብሎ የአባቱን አገጭ አየ። «ሸብቶ አልቋል እኮ አባዬ።»

በጥቅምት ፍፁም አንድ ቀን ከሥራ ገባ፤ መኪናዋን የቻርጅ ሽቦዋ ላይ ሰካ፤ እናቱ ያቆየችለትን በላ፤ ምድር ቤት ወደ ክፍሉ ወረደ። በነጋው አልወጣም። ልቡ ነው አሉ። ወጣት ነበር፤ አሞኛል ብሎ አያውቅም።

ስለዚያ ሳምንት ብዙ የሚባል የለም። ቤቱ ሰው ሞላ፤ ከስማይርናም ከኖርዝ ድሩይድ ሂልስም የመጣው መኪና ሰፈሩን ዘጋው። የኤርፖርቱ ሾፌሮች አንድ ላይ መጥተው አንድ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ኢዩኤል በመስኮት ወደ ውጭ እያየ «ግመሏን ማን ያጠ...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ አምባዬ ወደ መኪናዋ ወጣ። ማልቀሻ ፍለጋ አይደለም፤ የቆመ መኪና ማየት የሾፌር ልማድ ነው። ጎማዎቹን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ ገባ፣ አስነሳት። ስክሪኑ በራ። ባትሪዋ ሰማንያ ፐርሰንት ነው፤ ፍፁም ባትሪው እንዳያረጅ ብሎ ከዚያ አያሳልፈውም ነበር። ከሱ ጎን ደግሞ ሬንጁ፦ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ማይል። አየው፤ አጠፋት፤ ገባ።

ኑሃሚን ስማይርና ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የሷ አሮጌ መኪና በዚያው ሰሞን ካምቢዮው ሄደና ቆመ። የፍፁምን ልያዛት ወይ ብላ ለመጠየቅ ስታንገራግር አሰፋሽ ቀደመቻት። «ውሰጂያት። ቆማ ከምትበሰብስ።» ኑሃሚን ወሰደቻት። የኑሃሚን አነዳድ የረፈደበት ሰው አነዳድ ነው፤ በቱ ኤይቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና በግራ መስመር ትበራለች፣ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ትፈናጠራለች፣ ሂቷን፣ ማሞቂያዋን፣ ከፍታ መስኮት ታወርዳለች።

ወሩ ሳያልቅ አምባዬ ጎማ ሊያይ ብሎ መኪናዋን አስነሳ። ባትሪው ያው ሰማንያ ነው። ሬንጁ ግን መቶ ሰማንያ ስምንት ይላል።

ደነገጠ። ባትሪዋን አበላሸቻት አለ በልቡ። በማግስቱ ሻትሉን ይዞ በሚወጣበት ሰዓት በሾፌሮቹ ሜዳ በኩል አለፈና ኢዩኤልን ጠራው።

«ባትሪዋ ሄዳለች መሰለኝ» አለው።

ኢዩኤል የሆነውን ሁሉ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ምንም አልሆነችም ጋሽ አምባዬ። ያቺ ቁጥር እኮ የባትሪው ብቻ አይደለችም። መኪናዋ የሚነዳትን ሰው ታጠናለች። ሰሞኑን እንዴት እንደተነዳች አይታ፣ በዚህ አያያዝ ይህን ያህል እሄዳለሁ ብላ ነው የምትገምተው። አሁን የምታሳይዎት ኑሃሚንን ነው።»

«ያኛውስ? ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ?»

«እሱማ የፍፁም ነው» አለ ኢዩኤል። «የፍፁም እግር ነው።»

አምባዬ ሻትሉ ውስጥ የተቀመጡትን እንግዶች ረስቶ ቆመ። አንዷ እንግዳ ሰዓቷን አየች።

«ታዲያ ኑሃሚን በነዳችው ቁጥር...»

«ይቀየራላ። በላዩ ላይ ነው የሚጻፈው።»

የፍፁም ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ። እነዚያን ማንም አይወስዳቸውም። ይህ ቁጥር ግን ፍፁም ራሱ የሠራው ነገር ነው፤ ከየቀኑ፣ ከየመብራቱ፣ ከየቁልቁለቱ ያጠራቀመው። አምባዬ ከሥራ እንደተመለሰ ቁልፉን ከኑሃሚን ተቀበለና የራሱን ቤንዚን መኪና ሰጣት።

«ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ነው የምትቀማኝ?»

«የኔዋ ትሻልሻለች አልኩሽ።»

ኑሃሚን ተቀይማ ገባች። አምባዬ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስበው፦ ቁጥሩን መመለስ። ልጁ እንደነዳት ከተነዳች፣ የልጁ ቁጥር ይመለሳል። ነጂ ነው፤ ይህ ሊያቅተው አይገባም።

አቃተው። ለዘብ ብሎ ነዳ፣ ማንንም አልቀደመም፣ ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር እንደ ልማዱ ፎሌ ገባ፤ ሰቨንቲ ኤይት መንገድ ላይ መኪናዋ ያለ ድምፅ ስትንሸራተት እንደ ጥንቱ ደስ አለው። ቁጥሩ ጭራሽ ወረደ። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ኢዩኤልን ጎኑ አስቀመጠው።

ኢዩኤል የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ሳቁ አመለጠው። «ጋሽ አምባዬ! ኤን?» ወዲያው ግን የሽማግሌውን ፊት አየና ሳቁን ሰበሰበ። «ፎሌ ሲያደርጓት ሞተሩ ተቋረጠ ማለት ነው። ታች ሲደርሱ በፍሬን ያቆሟታል፤ ያ ሁሉ ጉልበት የፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ቀረ። ዲ ላይ ሆነው እግርዎን ቢያነሱ ግን ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። ሞተሩ ያኔ ዳይናሞ ነው።»

«ዳይናሞ?»

«ዳይናሞ። ባትሪ የሚሞላው።»

አምባዬ መንገዱ ዳር አቆማት። ዳይናሞ ስንት ጊዜ ፈትቶ ገጥሟል፤ በበረሃ፣ በባትሪ መብራት፣ ረዳቱ ቁልፍ እያቀበለው። ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

«ሪጄን ነው ያለኝ» አለ። «ዳይናሞ ቢለኝ ኖሮ ያን ዕለት ይገባኝ ነበር።»

«ፍፁም ዳይናሞ የሚለውን ቃል የሚያውቀው አይመስለኝም» አለ ኢዩኤል።

አምባዬ ያንኑ ቁልቁለት ዞሮ መጣና እግሩን አንስቶ ወረደው። መኪናዋ ራሷን ያዝ አደረገች፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው መርፌ ወደ አረንጓዴው ዞረች፤ ፍሬን ሳይነካ መብራቱ ጋ ደረሰ። ትክክል ነበር ልጁ። አምባዬ ተሳስቼ ነበር ለማለት የማይቸገር ሰው ነው፤ ነገር ግን የሚነገረው ሰው መኖር አለበት። ለኢዩኤል «ጥሩ ነው» አለውና ወደ ሜዳው መለሰው።

ከዚያ በኋላ አምባዬ ፎሌን ተወ። ሌላውንም ተማረ፤ ሥራ ነውና በሥራ ደንብ ያዘው። በብርድ የጎማ ንፋስ ስለሚቀንስ ጠዋት መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ለካ፣ ሞላ። ፍጥነቷን ስልሳ ላይ ወስኖ በቀኝ መስመር ብቻ ሄደ፤ ተሳቢ የጎተቱ መኪኖች ከኋላው ክላክስ እያሰሙ ሲያልፉት ድሮ እሱ እንዲያ ያደርጋቸው የነበሩትን አሮጌ ነጂዎች አስታወሰ። ከፊቱ ካለው መኪና ራቅ ብሎ፣ መብራቱን ከሩቅ አይቶ እግሩን አስቀድሞ ማንሳት ለመደ። የኋላውን ክፍል ከፍቶ ከባድ ነገር ሁሉ አወረደ፤ ፍፁም ለተሳፋሪ ያስቀመጣት ጃንጥላ ግን አትከብድም ብሎ ተዋት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሂቱን አጠፋ። «ትልቁ በላተኛ እሱ ነው» ብሎታል ኢዩኤል፤ «ቤንዚን መኪና የሞተሩን ትርፍ ሙቀት ነው የሚሰጥዎት፤ እቺ ግን ከባትሪዋ ነው የምትቀንሰው። በዚያ ላይ ብርዱ ራሱ ባትሪውን ያደክመዋል። እስከ ጸደይ ይጠብቁ ጋሽ አምባዬ፣ ያኔ ይነሳልዎታል።»

አምባዬ እስከ ጸደይ አልጠበቀም። ቁጥሩ መቶ ዘጠና አለ፤ ሁለት መቶ አለ፤ በጥር ብርድ ሁለት መቶ ስምንት ደረሰ።

እሁድ እሁድ ከቸርች በኋላ አሰፋሽን ይዞ ወደ መቃብሩ ይሄዳል። ሂት የለም። መስታወቱ በትንፋሻቸው ሲሸፈን አምባዬ በጨርቅ ይጠርጋል። አሰፋሽ ካፖርቷ ላይ ጋቢ ደርባ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ትቀመጣለች። ለምን አትልም። ከጥቅምት ወዲህ በሩ ላይ ቆማ ስለ ሬንጅ ጠይቃም አታውቅም፤ ዝም ብላ ትገባለች፣ ዝም ብላ ትወርዳለች። መቃብሩ ላይ ከመኪናው ይልቅ ፀሐይ ስላለ እዚያ ትንሽ ትሞቃለች።

በየካቲት መጀመሪያ ሳል ያዛት። ከሳሉ ትኩሳት ተከተለ። ኑሃሚን በእረፍት ቀኗ የእናቷን ደረት በማዳመጫ አዳመጠችና ከነጫማዋ ወደ ኩሽና ገባች፤ አምባዬ እዚያ ሻይ ይዞ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ መኪናው ውስጥ ሂት አታበራም እንዴ?»

አምባዬ ሻዩን አማሰለ።

«እማዬ ጋቢ ለብሳ መኪና ውስጥ ስትንቀጠቀጥ የቸርች ሰው አይቷችኋል። እዚያ የነበረችው ሐምራዊት ናት የነገረችኝ፤ ላይክ፣ አፍሬ ሞትኩ። ተበላሽቶ ነው? አሠራዋለሁ።»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ? ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ነው? ለእናቴ?»

አምባዬ ሻዩን ራቅ አደረገ። አይነግራትም ነበር፤ ግን «ለእናቴ» ስትል ድምጿ የፍፁምን መሰለው። ነገራት። ቁጥሯ የማን እንደነበረች፣ በላይዋ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ስንት እንደነበረች፣ አሁን የት እንደደረሰች። እንደ ሾፌር ነገራት፤ ስለ ጎማ ንፋሱ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ዳይናሞው። «ትንሽ ነው የቀረኝ» አለ በመጨረሻ።

ኑሃሚን ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ የሚሄድበት አጣ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች።

«አላወቅሽም።»

«በየቀኑ እኮ አባዬ... በየቀኑ እየነዳሁ...» ከዚያ በኋላ የተናገረችው ቃል አልነበረም። አምባዬ እጁን ጀርባዋ ላይ አደረገ። «በኔ ፎሌ የባሰ ነው የጠፋው» አላት፤ እንደ ማጽናኛ የሚሆን ሌላ ነገር አላገኘም።

አሰፋሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ጋቢዋን እንደለበሰች። መቼ እንደመጣች አላዩም።

«ፍፁም እኔን አብርዶኝ ያውቃል?» አለች።

ኑሃሚን ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«አምባዬ፣ አንተን ነው የጠየቅሁህ። ያቺ ቁጥር የሱ ከሆነች፣ እሱ እኔን አብርዶኝ ያውቃል?»

አምባዬ አሰበ። የሁለት ዓመት ብርድ። እሁድ ጠዋት። ሲገቡባት ሞቃ የምትጠብቀው መኪና። «አያውቅም» አለ። «እንዴት አድርጎ ነው ግን? ሂቱ እኮ ይበላል።»

«በመስኮት አየው ነበር። ሽቦዋን ሳይነቅል፣ ፒጃማውን እንደለበሰ ደጅ ይወጣል፣ ስልኩን ይነካካል። ምን ታደርጋለህ ስለው፣ ‹እማዬ፣ ሽቦው ላይ እያለች ካሞቅኋት የምትበላው የቤቱን መብራት ነው፣ ባትሪዋን አትነካም› አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው እየወጣሁ የምጠይቀው።» ሳሏ አቋረጣትና በጋቢዋ አፏን ያዘች። «ፈልቷል ወይ እያልኩ።»

«ቀልድ መስሎኝ ነበር» አለ አምባዬ።

«ቀልድ ነበር» አለች። «ግን ፈልቶ ነበር።»

አምባዬ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። መኪናዋ ሽቦዋ ላይ ናት። የፍፁም ስልክ ማንም በማያውቀው የምስጢር ቁጥር ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ከስልኩ ሊያሞቃት አይችልም። ለዚህ ግን ስልክ አያስፈልግም፤ ውስጥ ገብቶ ማሞቂያውን መክፈት ነው። ሽቦው እንደተሰካ። አንድ ቁልፍ። ወር ተኩል አሰፋሽ አጠገብ ተቀምጦ መስታወት ሲጠርግ ነበር።

አሰፋሽ እስክትድን ሦስት እሁድ አለፈ። በአራተኛው አምባዬ ቀድሞ ተነሣ። ደጁ አመዳይ ለብሷል። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሂቱን ከፈተና በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጣው ቀዝቃዛ ነው፤ ቆይቶ ለብ አለ፤ ከዚያ የፊት መስታወቱ ላይ ያለው አመዳይ ከሥር ጀምሮ እየቀለጠ ወረደ። ፍፁም ከውጭ ሆኖ በስልኩ ያዝዛት ነበር፤ እሱ ግን ውስጧ ተቀምጦ ጠበቀ። ስክሪኑን አላየም አይባልም፤ አየው፤ ሂቱ ሲከፈት ቁጥሩ ወርዷል። ወንበሩ፣ መሪው፣ ሁሉም ነገር ሲሞቅ ወጥቶ ሽቦዋን ነቀለና በአሰፋሽ በኩል ያለውን በር ከፍቶ ቆመ።

አሰፋሽ ከቤት ወጣች። ደረጃው ላይ ቆም አለች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ አስተካክላ ስትጨርስ እንደገና አስተካከለችው። ኑሃሚን ከኋላዋ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ቆማለች።

«ሬንጁ ፈልቷል?» አለች አሰፋሽ።

አምባዬ የያዘውን በር ይበልጥ ከፈተላት። ይህን መልስ ከዚህ በፊት እሱ ሰጥቶ አያውቅም።

«ፈልቷል» አላት። «ግቢ።»

ገባች። እጇን አየር ከሚወጣበት ቀዳዳ ላይ አድርጋ ያዘችው። ኑሃሚን ከኋላ ገብታ ቀበቶዋን አሠረች። ከሰፈሩ ሲወጡ ያለችውን ቁልቁለት አምባዬ እግሩን አንስቶ ወረዳት፤ መኪናዋ ራሷን ያዝ አደረገች። ቸርቹን አልፎ መጀመሪያ ወደ መቃብሩ እንደዞረ አሰፋሽ ገባት፤ ለምን አላለችም።

መብራት ላይ ሲቆሙ አንገቷን አቅንታ ወደ ስክሪኑ አየች። ቁጥር ማንበብ ያለ መነጽር አይሆንላትም።

«ከሱ ስንት ይጎድላል?» አለችው።

«ብዙ» አለ አምባዬ።

አሰፋሽ እጇን ከሙቀቱ ላይ ሳታነሣ ወደ መንገዱ ዞረች።

«ይጎድላላ» አለች።